ባህሩ መዝጊያ የለውም፦ መርከቦችን ነጻ ላወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የጭነት መርከቦች የባህር ፍጥረታትን ከትውልድ ውሃቸው አንሥተው በባዕድ ውሃ ያዛምታሉ የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው፣ መርከቦቹም ያለ ጥፋታቸው ተከሰዋል የሚል ነው። አጻጻፉ ያምራል። ጸሐፊውም ነገሩን ከሩቅ የሰሙ ሰው እንዳልሆኑ ያስታውቃል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ በብዙ ቦታ ተስማምቼ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ያስማማኝ ነገር ሁሉ እንደ ላላ ስፌት ይተረተር ጀመር።

ክርክራቸውን ሳላዛባ ላስቀምጠው። የባህር ፍጥረታት መርከብ ከመሠራቱ በፊትም በተንሳፋፊ ግንድና በውቅያኖስ ሞገድ ይጓዙ ነበር፤ መርከብ ለዚህ ጥንታዊ ጉዞ ትንሽ ጭማሪ ብቻ ነው ይላሉ። በመርከብ የውሃ ታንከር ውስጥ የገባው ፍጥረት አብዛኛው በጨለማው ያልቃል፣ ከተረፈውም አብዛኛው አዲሱ ውሃ አይስማማውም፣ የተስማማውም ቢሆን ጉዳት የለውም ይላሉ። ቀጥለው እውነተኞቹ አዛማቾች የባህር እርባታ፣ የጌጥ ዓሣ ንግድ፣ ሰው ሠራሽ ቦዮችና የመዝናኛ ጀልባዎች መሆናቸውን ይከራከራሉ። ከዚያም ተፈጥሮ ራሷን እንደምትጠግን ለማሳየት ጥቁር ባህርንና የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆችን ለምስክርነት ይጠራሉ። በመጨረሻም የቀረውን ችግር ዓለም አቀፉ ስምምነት ስለፈታው፣ ከዚህ በላይ ቁጥጥር መጨመር ንግድን ማስወደድ ብቻ ነው ብለው ይዘጋሉ።

ክርክሩ ይህ ነው፤ ያስቀረሁባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም። መልሴን ከመጀመሬ በፊት ግን መርከቡን ራሱን ጠጋ ብለን እንየው። ጽሑፉ ስለ መርከብ የተጻፈ ሆኖ መርከቡ የለበትምና።

ጭነቱን ያራገፈ ትልቅ መርከብ እንደ ባዶ ጣሳ ነው። ከውሃው በላይ ብቅ ይላል፣ ፕሮፔለሩ ግማሹ አየር ይቀዝፋል፣ ማዕበል ሲመታው ይንገዳገዳል። ስለዚህ ጭነት ሲወርድ በምትኩ ክብደት መግባት አለበት። ድሮ የሚጫነው ድንጋይና አሸዋ ነበር፤ ከ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ ግን የብረት መርከብና የእንፋሎት ፓምፕ ሲስፋፉ ውሃው ራሱ ክብደት ሆነ። መርከበኞች ባላስት ይሉታል፤ እኔ የሚዛን ውሃ እለዋለሁ። ውሃው የሚገባው በመርከቡ ታችኛው አካል ላይ ባለ የብረት ፍርግርግ ነው። ከፍርግርጉ ጀርባ ካለችው ትንሽ ክፍል ፓምፑ እየሳበ ወደ ታንከሮቹ ይልከዋል። ፍርግርጉ ትልቅ ዓሣንና ተንሳፋፊ ላስቲክን ያግዳል። የሸርጣንን እጭ ግን አያግድም፤ ገና የተፈለፈለች የሸርጣን እጭ ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለችና። ደግሞም ውሃው የሚሳበው ጥልቀት በሌለው ወደብ ስለሆነ የወደቡ ጭቃ አብሮ ይገባል። ታንከሩ ለጥገና ደርቆ ሰው በጠባቧ ቀዳዳ መሰላል ይዞ ሲወርድ፣ ጫማው የሚያርፈው ንጹሕ ብረት ላይ አይደለም። በብረት አጥንቶቹ መካከል የተኛ ቡናማ፣ ለስላሳ ደለል ላይ ነው። ይህን ደለል በልባችን እንያዘው፤ ሁለት ጊዜ ያስፈልገናል።

መርከቡ አዲስ ጭነት ወደሚወስድበት ወደብ ሲደርስ ይህ ሁሉ ውሃ ተመልሶ ይፈሳል። አንድ ትልቅ መርከብ በአንድ ጉዞ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቶን ሊይዝ ይችላል። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ የሚጓጓዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት 10 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። አሁን ወደ ክርክሩ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍጥረታት ድሮም ይጓዙ ነበር? አዎ፣ ይጓዙ ነበር። እንዲያውም ጸሐፊው ያልጠቀሱትን፣ ለእሳቸው የሚበጅ ማስረጃ ልጨምርላቸው። በ2011 ጃፓንን የመታው ሱናሚ ከሚሳዋ ወደብ አንድ ትልቅ የኮንክሪት መድረክ ገነጠለ። መድረኩ ከ15 ወራት በኋላ ፓስፊክን አቋርጦ በአሜሪካ የኦሪገን ዳርቻ ላይ ተጋደመ። በላዩም ላይ በሕይወት ያሉ የጃፓን ዛጎሎች፣ ሸርጣኖችና የባህር አረሞች ነበሩ። ተመራማሪዎች በተከታዮቹ ዓመታት እዚያው ማዶ ከደረሰው የሱናሚ ፍርስራሽ ላይ 289 የጃፓን ዝርያዎችን በሕይወት አግኝተው መዝግበዋል። እነሆ፣ ያለ መርከብ ውቅያኖስ ተሻገረ!

ነገር ግን ያሻገራቸው ምን እንደሆነ ልብ እንበል። እንጨቱ በእንጨት በል ፍጥረታት እየተቦረቦረ ቶሎ ጠፋ፤ ለዓመታት ተንሳፎ የዘለቀው ፕላስቲክ፣ ፋይበርግላስና መሰል የማይበሰብስ የሰው ሥራ ነው። የጥንቱ ተንሳፋፊ ግንድ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተሸናፊ ነው። ደግሞም ይህ የሆነው በብዙ ትውልድ አንድ ጊዜ በሚመጣ መቅሠፍት ነው። መርከብ ግን ያንኑ ውቅያኖስ በሳምንታት ያቋርጣል፤ ነገም ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መንገዱ ነው። ሞገድ ወደፈለገው ቦታ ሁሉ አይወስድም። በሰሜን ፓስፊክ ቀዝቃዛ ውሃ የሚኖረው የባህር ኮከብ ወደ አውስትራሊያዋ ደሴት ወደ ታዝማንያ በራሱ ልድረስ ቢል በመካከል ያለው የሞቃት ውሃ ቀበቶ ይገድለዋል፤ ለሺህ ዓመታት ያልተሻገረውም ለዚህ ነው። በ1986 ግን ታዝማንያ ተገኘ፣ በ1995 ደግሞ ከሜልበርን ፊት ለፊት ባለው ፖርት ፊሊፕ ባህረ ሰላጤ ውስጥ ታየ፤ በጥቂት ዓመታትም በሚሊዮኖች ሆነ። ከጥቁር ባህርና ከካስፒያን አካባቢ የመጣችው፣ ቅርፊቷ እንደ ሜዳ አህያ የተሰነተረው ትንሽ ዛጎልም እንዲሁ ናት። የምትኖረው በጨው አልባ ውሃ ነው። በ1988 ሴንት ክሌር በተባለው የሰሜን አሜሪካ ሐይቅ ስትገኝ በመካከል ያለውን ጨዋማ አትላንቲክ በየትኛው ግንድ ተሻገረች? በግንድ ላይ ብትወጣ ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨው ይፈጃት ነበር። በታንከር ውስጥ ግን የሐይቅ ውሃዋን ይዛ ነው የተጓዘችው። ስለዚህ መርከብ በድሮው መንገድ ላይ የተጨመረ ተጓዥ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያልነበረ መንገድ ነው። ፍጥነቱንም ማየት ይቻላል። በሳን ፍራንሲስኮ ባህረ ሰላጤ ከ1851 እስከ 1960 ባለው ጊዜ አንድ አዲስ መጤ ዝርያ የሚሰፍረው በአማካይ በ55 ሳምንት ነበር፤ ከ1961 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ግን በየ14 ሳምንቱ ሆነ። የውቅያኖሱ ሞገድ በ1961 አልፈጠነም።

ሁለተኛው ክርክራቸው የተሻለ ነው፤ ብዙውንም እቀበላለሁ። በታንከር ውስጥ ያለው ሕይወት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፍጥነት ይመናመናል። ብርሃን የለም፣ ምግብ ያልቃል፣ ሙቀቱ ይለዋወጣል። መጤዎች ሁሉ ወራሪ አለመሆናቸውም እውነት ነው። የመንግሥታት የብዝኃ ሕይወት ሳይንስ መድረክ በ2023 ባወጣው ሪፖርት በየብስም በውሃም በዓለም ዙሪያ የሰፈሩ መጤ ዝርያዎች ከ37,000 በላይ ሲሆኑ ጎጂነታቸው የተመዘገበው ከ3,500 በላይ ናቸው። ከአሥር አንድ ገደማ መሆኑ ነው። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ልክ ናቸው።

ስህተታቸው ሒሳቡን እዚያ ላይ ማቆማቸው ነው። «አብዛኛው ይሞታል» የሚለው አነጋገር የሚያጽናናው መነሻው ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው። ከጃፓን ተነሥተው ኦሪገን ኩስ ቤይ በደረሱ 159 መርከቦች የሚዛን ውሃ ላይ በ1993 የታተመ ጥናት 367 ዓይነት ፍጥረታትን በሕይወት አግኝቷል። እነዚህ ጨለማውንና ረሃቡን አልፈው የደረሱት ናቸው እንጂ የተነሡት አይደሉም። አሁን ደግሞ ወደዚያ ደለል እንመለስ። መርዛማ ከሆኑት ጥቃቅን አልጌዎች አንዳንዶቹ ኑሮ ሲከፋባቸው ጠንካራ ልባስ ለብሰው ያንቀላፋሉ። ብርሃንም ምግብም አያስፈልጋቸውም፤ የታንከሩ ጨለማ ለእነርሱ ሞት ሳይሆን መኝታ ነው። ወደ አውስትራሊያ የገቡ መርከቦችን የመረመሩ ሳይንቲስቶች በአንድ መርከብ ታንከር ደለል ውስጥ ብቻ ከ300 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያንቀላፉ ሕዋሳት እንዳሉ ገምተዋል። የጸሐፊውን አባባል ተቀብለን ከሺህ 999ኙ ይሙቱ። 300,000 ቀሩ። እነዚህ ሲነቁና ሲበዙ ዛጎሎች ያጣሯቸዋል፣ መርዙም በዛጎሉ ሥጋ ይጠራቀማል፣ የበላውንም ሰው ሽባ እስከማድረግ ይደርሳል። ይህን «ጉዳት የለውም» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ስለ በሽታ ካነሣን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሌራ ላቲን አሜሪካን ሲያምስ በአሜሪካ የሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ወደቦች ከተመረመሩ 19 የጭነት መርከቦች በ5ቱ ያው የወረርሽኙ ዓይነት ባክቴሪያ ተገኝቷል። ወረርሽኙን መርከብ አመጣው ማለቴ አይደለም፤ ያ አልተረጋገጠም። ባክቴሪያው በመርከብ ውስጥ በሕይወት ተጉዞ ወደብ መድረሱ ግን ተረጋግጧል።

አንድ ነገር ላክልበት። «እስካሁን ምን ጉዳት አደረሰ?» የሚለው ጥያቄ በባህር ጉዳይ አታላይ ነው። የአውሮፓው አረንጓዴ ሸርጣን በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የታየው በ1817 ነው። በስተሰሜን የሚኖሩ ዛጎል ለቃሚዎችን አምርሮ ያስለቀሳቸው ግን በ1950ዎቹ ነው። ጸሐፊው በ1850 ቢጽፉ ኖሮ ሸርጣኑን «ጉዳት የሌለው እንግዳ» ብለው ይመዘግቡት ነበር፤ በዘመናቸውም የሚከራከራቸው አይኖርም ነበር።

«ሌሎች አዛማቾች አሉ» በሚለው ላይ ብዙ አልከራከርም፤ አሉና። በ1984 በሞናኮ ዳርቻ የተገኘው ኮለርፓ የተባለ አረንጓዴ የባህር አረም ከአኳሪየም የወጣ ነው። በአትላንቲክ የተንሰራፋው አንበሳ ዓሣ መነሻው የጌጥ ዓሣ ንግድ ነው። በ1869 የተከፈተው የስዊዝ ቦይ የቀይ ባህር ፍጥረታትን ለሜዲትራኒያን አጋብቷል፤ ብዙዎቹም የዋኙት በራሳቸው ክንፍ ነው። ይሁን እንጂ ሁለተኛ ሌባ መገኘቱ የመጀመሪያውን ነጻ አያወጣውም። ዝርዝሩም ቢሆን ጸሐፊው እንዳሰቡት የተለያየ አይደለም። ያ የሞናኮ አረም ከወጣ በኋላ ከባህር ወሽመጥ ወደ ባህር ወሽመጥ የተጓዘው በጀልባ መልሕቅና በዓሣ መረብ እየተቆረጠና እየተጎተተ ነው። ቮልጋን ከዶን ወንዝ ያገናኘው ቦይም ሆነ አትላንቲክን ከታላላቅ ሐይቆች ጋር ያገናኘውና በ1959 የተከፈተው የሴንት ሎውረንስ የመርከብ መንገድ ያለ መርከብ ምን ነበሩ? ረጃጅም ጉድጓዶች ናቸው። ለብዙ መጤዎች በር የሆኑት ታንከሩ ሞልቶ ሲያልፍባቸው ነው።

ደግሞም ክርክሩን በግምት መፍታት አያስፈልግም፤ ታላላቆቹ ሐይቆች ተፈትነው አይተውታልና። አሜሪካ በ1993 ወደ ሐይቆቹ የሚገቡ መርከቦች የሚዛን ውሃቸውን በውቅያኖስ መካከል በጨው ውሃ እንዲለውጡ አስገደደች። መጤዎች ግን አልቆሙም። ለምን? ብዙዎቹ መርከቦች ሙሉ ጭነት ይዘው፣ በሰነዳቸውም ላይ «የሚዛን ውሃ የለም» ብለው ነበር የሚገቡት። ታንከራቸው በወረቀት ላይ ባዶ ነው። ከግርጌው ግን ፓምፕ የማይደርስበት ጥቂት ውሃና ያ ቡናማ ደለል አለ። በሐይቁ ውስጥ ጭነት ሲያራግፉ የሐይቅ ውሃ ይሞሉበታል፣ ደለሉ ይበጠበጣል፣ ቀጣዩ ወደብ ላይ ይደፉታል። በ2006 ካናዳ፣ በ2008 አሜሪካ ይህ «ባዶ» ታንከር ሳይቀር በጨው ውሃ እንዲታጠብ ደነገጉ። ከዚያ በኋላ በሐይቆቹ ውስጥ አዲስ መጤ ዝርያ የሚገኝበት ፍጥነት በ85 በመቶ አሽቆለቆለ። የጌጥ ዓሣ ሱቆች አልተዘጉም፤ ቦዩም አልተደፈነም። የተለወጠው የመርከቦቹ ታንከር ነው። ጸሐፊው ለዚህ ምን ማብራሪያ እንዳላቸው ከልብ ልሰማ እፈልጋለሁ፤ ጽሑፋቸው ስለ ሐይቆቹ ሁለት አንቀጽ ሰጥቶ ይህን አንድ ቃል አላነሣውም።

አሁን «ተፈጥሮ ራሷን ትጠግናለች» ወደሚለው። ብዙ አንባቢን የማረከው ይህ ክፍል ይመስለኛል፤ እኔንም መጀመሪያ የያዘኝ እርሱ ነው።

የጥቁር ባህር ታሪክ እንዲህ ነው። ኒሚዮፕሲስ የምትባል፣ መስታወት የመሰለች፣ በሰውነቷ ላይ የፀጉር ማበጠሪያ የሚመስሉ ረድፎች ያሏት ዝልግልግ ፍጥረት አለች። አገሯ የአሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ ነው። እያንዳንዷ ወንድም ሴትም ስለሆነች አንዲት ብቻ ብትደርስ እንኳ ዘር መተካት ትችላለች። በ1982 ጥቁር ባህር ውስጥ ታየች፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ባህሩን ሞላችው። የምትበላው አንቾቪ የተባለው ትንሽ ዓሣ የሚመገበውን ፕላንክተን ነው፤ በዚያ ላይ የዓሣውን እንቁላልና እጭ ትጨምርበታለች። የአንቾቪ ምርት ወደቀ፣ ጀልባዎች በየወደቡ ታሰሩ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ባህሩ ቀድሞም ታሞ ነበር፤ ከልክ ያለፈ ዓሣ ማስገርና ከወንዞች የሚገባው የማዳበሪያ እጣቢ አዳክመውታል። ጥፋቱን ሁሉ በእርሷ ላይ የሚጭኑ ሰዎች ያጋንናሉ፤ ጸሐፊው ይህን ማለታቸው ተገቢ ነው።

ከዚያ በ1997 ቤሮዌ የተባለች፣ ኒሚዮፕሲስን የምትበላ ሌላ ዝልግልግ ፍጥረት ታየች። ኒሚዮፕሲስ ቀነሰች፣ ዓሣውም ማገገም ጀመረ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ተፈጥሮን ያመሰግናሉ። ግን ቤሮዌ ከየት መጣች? እርሷም እንደዚያችኛው ከአትላንቲክ የመጣች መጤ ናት፤ ያመጣትም በአብዛኞቹ ተመራማሪዎች ዘንድ የመርከብ የሚዛን ውሃ እንደሆነ ነው የሚታመነው። ይህ እንግዲህ የተፈጥሮ ሐኪምነት አይደለም። ቤት የሰበረውን ሌባ፣ ከ15 ዓመት በኋላ በዚያው መስኮት የገባ ሌላ ሌባ ደበደበው ማለት ነው። ሁለተኛው ያን ብቻ መደብደቡ ዕድል ነው። መስኮቱን ክፍት መተው መልካም መሆኑን ግን አያሳይም።

ዕድል መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኒሚዮፕሲስ በቮልጋና ዶን ቦይ በኩል ወደ ካስፒያን ባህር አለፈች፤ በ1999ም መኖሯ ተረጋገጠ። ያቺ በላተኛዋ አብራት አልመጣችም፤ የካስፒያን ውሃ ጨው ያነሰው ስለሆነ ለቤሮዌ መራባት አይመችምና። ኪልካ የሚባለው የካስፒያን ትንሽ ዓሣ ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተንኮታኮተ፤ ኪልካን እየበሉ የሚኖሩትም ገበታቸው ሳሳ። ፍጥረቷ አንድ ናት፣ መርከቡም ያው ነው፤ «ተፈጥሮ» ግን በዚህኛው ባህር የጠገነችው ነገር አልነበረም። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ባህር ጠቅሰው ሁለተኛውን ዘለሉት።

ጸሐፊው ከታላላቆቹ ሐይቆች ለምስክርነት የጠሩት የጠራው ውሃስ? እውነት ነው፣ እነዚያ እንደ ሜዳ አህያ የተሰነተሩት ትንንሽ ዛጎሎች እያንዳንዳቸው በቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ያጣራሉ፤ ቢሊዮኖች ሲሆኑ ሐይቁ እንደ መስታወት ይጠራል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? የጠራው ከቆሻሻ አይደለም፤ ከምግብ ነው። ለዓሣ ጫጩቶች ይሆን የነበረው ጥቃቅን ሕይወት ወደ ሐይቁ ወለል ወርዶ በዛጎል ሆድ ተቆለፈ። ብርሃን ወደ ታች ሲደርስ ዳርቻው ላይ አልጌ በገፍ በቀለ፣ በሰበሰም። በዛጎሎቹና እነርሱን በሚበላ ሌላ መጤ ዓሣ ሰንሰለት በኩልም የቦቱሊዝም መርዝ ወደ ውሃ ወፎች ደረሰ፤ ወፎቹ በየዳርቻው ሞተው ተገኙ። ውበቱ ከመርከቡ ወለል ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ነው።

በቧንቧው በኩል ለሚያየው ደግሞ ሌላ ነው። በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው የመንሮ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን የምትስበው ከኢሪ ሐይቅ ነው። ዛጎሎቹ በሐይቆቹ መኖራቸው በታወቀ በዓመቱ፣ በ1989፣ በውሃ መሳቢያው ቧንቧ ውስጥ አንዱ በሌላው ቅርፊት ላይ በቀጫጭን ክሮች እየተጣበቀ፣ ድርብርቡ እየወፈረ፣ የውሃው መንገድ እየጠበበ ሄደ፤ ከተማይቱም ውሃ ተቋረጠባት። ነዋሪዎቿ ሐይቁ ምን ያህል እንደጠራ የሚያደንቁበት ሰዓት አልነበረም።

የቀረው የመርከቦችን የሚዛን ውሃ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ መርከቦች ጉዳት ካላደረሱ ስምምነቱ የፈታው የትኛውን ችግር ነው? ጽሑፉ በአራት ነጥብ ሕመም የለም ብሎ በአምስተኛው መድኃኒቱ ሠርቷል ይለናል። ከሁለት አንዱን መምረጥ ይኖርባቸዋል።

ስምምነቱ ግን ትልቅ ሥራ መሆኑን እመሰክራለሁ። በ2004 ጸደቀ፤ ሥራ ላይ የዋለው ከ13 ዓመት በኋላ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2017 ነው። ስምምነቱ የሚመለከታቸው መርከቦች በሙሉ የሚዛን ውሃቸውን ወደ ጥብቁ ደረጃ እንዲያደርሱ የተሰጠው ገደብ ደግሞ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ነበር። ያም በተግባር ውሃውን በማጣሪያ፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር ወይም በክሎሪን ማከም ማለት ነው። ይህ ገና የጀመረ ሥራ ነው፤ ያለቀ ሥራ አይደለም። ጭቃ በበዛበት ወደብ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ድፍርስ ውሃ ጨረሩን ያደክመዋል። ደረጃው ራሱም ዜሮ አይደለም። በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ከ50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የማያንሱ፣ መራባት የሚችሉ ፍጥረታት ከ10 በታች እንዲሆኑ ነው የሚያዘው። ጥሩ ደረጃ ነው፤ ከዚህ በፊት ከነበረው ጋር አይወዳደርም። ሆኖም 50,000 ሜትር ኩብ የሚደፋ መርከብ ሕጉን ሙሉ በሙሉ አክብሮ ግማሽ ሚሊዮን ሊጠጋ የሚችል ፍጥረት ይለቃል። «ተፈታ» የሚለው ቃል ለዚህ አይመጥንም።

ከዚህም በላይ ስምምነቱ የሚናገረው ስለ ታንከሩ ነው። በመርከቡ ታችኛው አካል ላይ ተለጥፎ የሚጓዘው ሕይወት ከእርሱ ውጭ ነው። ቅድም ያየነው ፍርግርግና ከጀርባው ያለችው ክፍል፣ የፕሮፔለሩ ዙሪያ፣ ቀለም በደንብ የማይደርስባቸው ማዕዘኖች ሁሉ ሞገድ የማይደርስባቸው ማረፊያዎች ናቸው። ለዚህ ዓለም አቀፉ የባህር ድርጅት በ2011 መመሪያ አውጥቶ በ2023 አሻሽሎታል፤ ግን መመሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ኒውዚላንድ ከ2018 ጀምሮ የመጣ መርከብ ሁሉ አካሉ ንጹሕ እንዲሆን አስገድዳለች። እንዲህ ያደረጉ አገሮች ጥቂት ናቸው።

ስለ ወጪው አጭር ነው። አካሉ የጸዳ መርከብ ነዳጅ ይቆጥባል። ከመርከቡ አካል ግማሹን የሸፈነ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ዝልግልግ ንብር ብቻ የመርከቡን የጋዝ ልቀት ከ25 እስከ 30 በመቶ ሊያሳድገው እንደሚችል ድርጅቱ ያስጠናው ጥናት አሳይቷል። የውሃ ማከሚያው መሣሪያ ውድ መሆኑ አይካድም፤ የሚከፍለው መርከቡ ነው፣ በመጨረሻም ገዢው። መሣሪያው ከሌለ ደግሞ የሚከፍሉት ከንግዱ ምንም ያላገኙ ዓሣ አጥማጆችና የመንሮን የመሰሉ ከተሞች ናቸው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ሒሳብ በጥንቃቄ ደምረው ሁለተኛውን አልከፈቱትም።

ለእሳቸው የሚመች የመጨረሻ ምሳሌ ትቼ ልውጣ፤ ጥፋተኛው ጭነት መርከብ ያልነበረበትን። በ1999 በአውስትራሊያ ዳርዊን ከተማ የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያ ውስጥ ጠላቂዎች ባለ ጥቁር መስመር ትንሽ ዛጎል አገኙ። ከስድስት ወር በፊት በተደረገ ፍተሻ አልነበረችም፤ አሁን ግን ግድግዳውንና ገመዱን ሁሉ ለብሳው ነበር። የመጣችው በመዝናኛ ጀልባ አካል ላይ እንደሆነ ነው የሚታሰበው። ባለሥልጣኖቹ ሦስት የጀልባ ማቆሚያዎችን ዘግተው ክሎሪንና የመዳብ ሰልፌት ደፉባቸው፤ ዛጎሏን ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው የነበረውን ሕይወት ሁሉ ገደሉ፣ ከዚያ ወጥተው የነበሩ ጀልባዎችንም እያሳደዱ መረመሩ። ተሳካላቸው፤ ዛጎሏ ጠፋች። የተሳካላቸው ግን የዳርዊን የባህር ከፍታ በየቀኑ ብዙ ሜትር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ የጀልባ ማቆሚያዎቹ ከመነሻው በውሃ መዝጊያ በር ታጥረው የተሠሩ በመሆናቸው ነው። በሮቹን ዘጉና መርዙን ጨመሩ። ጥቁር ባህር፣ ካስፒያንና ፖርት ፊሊፕ እንዲህ ያለ በር የላቸውም።